ጮቄን ለመውጣት ስንዘጋጅ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ መድረኩ ለሒሳብ ክፍል የተሰጠው የዓመቱን ገቢና ወጪ እንድናነብ ብቻ ሳይሆን ስለ ጮቄ ጉዞም እንድንናገር ነው። አንዳንዶቻችሁ «ሒሳብ ያዦች ስለ ተራራ ምን ያውቃሉ?» ብላችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል። እውነታችሁን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምንውል ሰዎች ነን። ይሁን እንጂ የጉዞው መዝገብ በእኛ እጅ ነው። የተመዝጋቢዎችን ስም፣ የመኪናውን ኪራይና ቃል የተገባውን ገንዘብ የጻፍነው እኛ ነን። ስንጽፍ ያሳሰበን አንድ ነገር አለና ከእሱ እንጀምራለን።

ጉዞው የታሰበው ለወፍጮ ቤታችን ነው። ቤቱ ተሠርቷል፣ የቀረው ሞተሩ ነው። እስከዚያው ድረስ እናቶቻችን እህሉን በጀርባቸው አዝለው ወይም በአህያ ጭነው ሩቅ ሄደው ሲያስፈጩ ሲመሻቸው እናያለን። ደጋፊዎቻችንም ይህን አይተው በቅን ልብ «ጮቄ ጫፍ ለደረሰች ለእያንዳንዷ አባል 1,000 ብር እንሰጣለን» አሉ። 24 ሴቶች ተመዘገቡ። ወረቀት ላይ ሲታይ 24,000 ብር ነው፤ ያምራል።

ተራራው ላይ ግን ምን ይሆናል? አንዷ ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ጉልበቷ ይከዳታል። ያን ጊዜ የምታስበው ስለ ራሷ አይሆንም። «እኔ ከተመለስኩ ማኅበሩ 1,000 ብር ያጣል» ትላለች። አጠገቧ ያለችውም «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረን» ትላታለች። የእኛ አገር ሴት ደግሞ አመመኝ ማለትን ነውር አድርጋ ትቆጥረዋለች፤ ምጥ ጀምሯት እንኳ እንጀራዋን ጋግራ ትጨርሳለች። ይህ ጠባይ ቤት ውስጥ ያስመሰግናል። ከ4,000 ሜትር በላይ ግን ሰው ይገድላል። በየአገሩ በተራራ ላይ የሚደርሰው ሞት ሲመረመር አንዱ ተደጋግሞ የሚገኘው ምክንያት ይኸው ነው፤ መመለስ ሲገባ አለመመለስ።

ስለዚህ ኮሚቴው ደጋፊዎቻችንን የሚጠይቀው ይህን ነው። የቃሉ አጻጻፍ ይለወጥልን። ገንዘቡ ጫፍ ለደረሰች መሆኑ ይቅርና ዝግጅቱን አሟልታ ለተነሣች ሁሉ ይሁን። ግማሽ መንገድ ላይ የተመለሰችውም፣ የታመመችውን ደግፋ የወረደችውም፣ ጫፍ የረገጠችውም እኩል ትቆጠር። ሒሳቡን አስቡት። ስድስት ሴቶች ቢመለሱ በአሁኑ ቃል 6,000 ብር እናጣለን። ስድስቱ በዚያ ገንዘብ ምክንያት ባይመለሱ ልናጣ የምንችለውን ግን በየትኛው ዓምድ እንመዘግበዋለን?

ይህን ስናስብ አንድ የሴቶች ማኅበር ታሪክ ትዝ ይለናል። ጃፓናዊቷ ጁንኮ ታቤይ በ1969 እ.ኤ.አ. የሴቶች ተራራ ወጪዎች ክበብ አቋቋመች። በዚያ ዘመን ብዙ ወንዶች ከሴት ጋር ተራራ አንወጣም ይሏት ነበር። ኤቨረስትን ለመውጣት ሲነሡ ገንዘብ አልነበራቸውም። እሷ ፒያኖ እያስተማረች ቆጠበች፤ ከመኪና መቀመጫ ልብስ ውኃ የማያስገባ የእጅ ጓንት ሰፉ። በቤቷም ትንሽ ልጅ ነበረቻት። 15 ሴቶች ሆነው ሄዱ። ግንቦት ውስጥ የበረዶ ናዳ ሰፈራቸውን ቀበረው፤ እሷም ከናዳው ሥር ራሷን ስታ ነው የወጣችው። ከ12 ቀን በኋላ፣ በሜይ 16 ቀን 1975 እ.ኤ.አ.፣ ከዓለም ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ጫፉ ላይ ቆመች። እኛን የሚመለከተን ደግሞ ይኼኛው ነው፦ ከ15ቱ ሴቶች ጫፍ የደረሰችው እሷ ብቻ ናት። ሁለት ሴቶች እንዲወጡ ታስቦ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ በከፍታ ሕመም ስለ ተያዙ ለሁለት ሰው የሚበቃ ኦክስጅን ማድረስ አልተቻለምና አንዷ ቀረች። ያ ጉዞ እስከ ዛሬ የአሥራ አምስቱም ሴቶች ጉዞ ተብሎ ይነገራል፤ አሥራ አራቱን ያልተሳካላቸው የሚላቸው ሰው አልሰማንም።

አሁን ወደ ራሳችን ተራራ እንምጣ። ጮቄን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሙጋና ሱሃ ከእሱ ወርደው በእኛ አገር ያልፋሉ፤ ጨሞጋ፣ ተምጫና ብርም ከዚያው ይነሣሉ፤ የሁሉም መጨረሻ ዓባይ ነው። ደመና ሲያዝል አይተን የተሰጣ እህል የምናስገባበት ተራራ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን ከዓመቱ ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል፤ እንግዳም ይመጣል። ዘመድ ያለንም ብዙ ነን። ከዚህ የተነሣ «ጮቄ ምን አለው፣ ሰው ያርሰው የለም ወይ?» የሚል ንግግር በስብሰባው መካከል ሰምተናል። አዎ፣ ገብስና ድንች ይታረስበታል፤ ኧረ ከሚገባው በላይ ወደ ላይ ታርሷል፣ ጓሳውና አስታው እየሳሳ የሄደውም በዚሁ ነው። የሚያርሰው ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። ቢቸና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,540 ሜትር፣ ሞጣ ወደ 2,490 ሜትር ላይ ናቸው። የጮቄ ከፍተኛው ቦታ 4,100 ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱን በክብ ቁጥር 1,600 ሜትር እንበለው። (የተራራ ቁጥር እንደ ለካው ሰው ይለያያል፤ ራስ ደጀን እንኳ ለረጅም ዘመን በመጻሕፍት 4,620 እየተባለ ታትሞ በኋላ የመጣው ልክ 4,550 አድርጎታል። ስለ አምሳና ስለ መቶ ሜትር አንከራከር።)

ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ነገሩን በብር ብናስበው ይቀለናል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ትንፋሽ 100 ብር የሚያህል ኦክስጅን ያገኛል እንበል። እኛ እዚህ የምናገኘው ወደ 74 ብር ነው። ሰውነታችን በዚህ ደመወዝ መኖር ከለመደ ቆይቷል፤ አይጎድልብንም። ጮቄ ጫፍ ላይ ግን 60 ብር ገደማ ይሆናል። ከለመድነው አንድ አምስተኛው ተቀነሰ ማለት ነው። አንድ አምስተኛ ደመወዟ በአንድ ቀን የተቀነሰባት ሴት ቤቷን እንዴት እንደምታስተዳድር አስቡት። ትችላለች፤ ግን ቀስ ብላ፣ ወጪ ቀንሳ፣ ጊዜ ወስዳ ነው።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታው አይነካንም» የሚለው ክርክር ከፊሉ እውነት ነው። ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሰሜን ተራራ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው የማይተናነስ ሆኖ አግኝተውታል፤ ዓለምን ያስደነቀ ነገር ነበር። ነገር ግን እነሱ እዚያው የተወለዱና የሚኖሩ ናቸው። የጥናቱ ውጤት በመኪና ተጭና በአንድ ጠዋት ለምትወጣ የቢቸና ነዋሪ ዋስትና አይሆናትም። ከሁላችን በላይ ደግሞ ከውጭ አገር ለምትመጡ ደጋፊዎቻችን አይሆንም። ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የምትመጡ ከጉዞው በፊት ሦስት ሌሊት ቢቸና ወይም ደብረ ማርቆስ እንድታድሩ እንለምናለን። (ባሕር ዳርቻ ስንል ባሕር ዳርን ማለታችን አይደለም፤ እሷም ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት።)

የከፍታ ሕመም እንዲህ ነው የሚጀምር። በመጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል። ከዚያም ምግብ ማስጠላት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ያለ ልክ መድከም ይከተላል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው እዚያ ከደረሱ ከተወሰኑ ሰዓታት በኋላ ስለሆነ «ስንደርስ ደህና ነበርኩ» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ጎበዝን ከደካማ አይለይም። ይህን በደንብ ስሙን፤ በየቀኑ እንስራ አዝላ ቁልቁለትና ዳገት የምትመላለስ እናት ከእኛ ከጸሐፊዎቹ አሥር እጥፍ ብርቱ ናት፤ ሕመሙ ግን እሷንም ሊይዛት፣ እኛንም ሊያልፈን ይችላል። እንዲያውም ብርቱዋ ስለምትፈጥን አደጋዋ ይብሳል። ከወጣን በኋላ ራሷን ያመማት ሁሉ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ሕመም እንደ ያዛት ይቆጠራል። ወዲያው ትናገር፣ ትረፍ፣ ከዚያ በላይ አትውጣ። ካልተሻላት ትውረድ።

የሚያስፈሩ ምልክቶች ሌሎች ናቸው። አንዷ ቁጭ ብላ እያለች የምታለከልክ ከሆነ፣ የማያቋርጥ ሳል ከያዛት፣ አክታዋ አረፋ ያለው ሮዝ ከመሰለ፣ ውኃ ሳንባዋ ውስጥ እየገባ ነው። ሰካራም ይመስል ከተንገዳገደች፣ ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ የምታውቀውን ሰው ስም ከሳተች፣ አንጎሏ ተነክቷል። መለያው ቀላል ነው። መሬት ላይ መስመር ይሠመርና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ጋር እያገጣጠመች አሥር እርምጃ ትሂድ። ቀጥ ብላ መሄድ ካቃታት ጥያቄ የለም፤ በዚያው ደቂቃ ቁልቁል መውረድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢዘንብ፣ በሰው ትከሻም ቢሆን። ለዚህ ሕመም መውረድን የሚያህል መድኃኒት የለም። የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ ሐኪም ያዘዘላት ብቻ ትውሰድ፣ ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥ አይቻልም። «ትንሽ ትተኛና ይሻላታል» የሚለውን ከአፋችን እናውጣ። አረቄም ያሞቃል ብሎ የሚያቀርብ ደግ ሰው አይጠፋም፤ የሚያሞቀው ቆዳን ብቻ ነው፣ የውስጡን ሙቀት አውጥቶ ይበትነዋል።

በዚህ ምክንያት ተራራው ላይ አናድርም። የመጀመሪያውን ቀን ወደ ተራራው እግር ሄደን ከ3,000 ሜትር ብዙ ባልበለጠ መንደር እናድራለን፤ በማግሥቱ ወጥተን እዚያው ቀን እንወርዳለን። አንዳንዶቻችሁ በመኪና እስከ ላይ ወጥተን የመጨረሻውን ብቻ በእግር እንሂድ ብላችሁ ነበር። ለኪራዩ ይረክሳል፤ ለሰውነት ግን መኪና በሁለት ሰዓት የሚያወጣው ከፍታ ደመወዙን በአንድ ጊዜ እንደ መቁረጥ ነው።

ማን ይሂድ የሚለው ከባዱ ጥያቄ ነው። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን በዚህኛው ጉዞ አይሄዱም፤ በቅርብ የወለደችም እንዲሁ። ጡት የምታጠባ ልጇን ይዛ ተራራ አትወጣም። የልብ ሕመም፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ ስኳርና ደም ማነስ ያለባችሁ ሐኪም ሳያያችሁ አትሄዱም። ደም ማነስን በተለይ የምናነሣው በሴቶች ላይ ስለሚበዛና ብዙዎቻችን ሳናውቀው ስለምንኖርበት ነው። ኦክስጅኑን የሚሸከመው ደሙ ነው፤ ተሸካሚው አነስተኛ ሆኖ ጭነቱም ሲቀንስ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ሁላችንም ጤና ጣቢያ ሄደን ግፊታችንንና ደማችንን እንታያለን። ይህ ምርመራ ለጉዞው ባይጠቅም እንኳ ለኑሯችን ይጠቅማል።

የቀኑ ምርጫ ብዙ አከራክሮናል። ክረምቱን ትተናል፤ ጭጋግ፣ ጭቃና መብረቅ አለ። ጥቅምት ጥሩ ወር ነው፤ ግን ጽጌን የምትጾሙ እናቶች እስከ ኅዳር 5 ድረስ ጾም ላይ ናችሁ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ጾም የሚያሳስበን ስለ ቅባቱ አይደለም፤ ቆሎና በሶ የጾም ምግብ ነው። የሚያሳስበን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ነው። በዚያ ከፍታ ሳይጠጡ ዳገት መውጣት አይቻልም። ጾማችሁን ሽሩ አንልም፤ ቀኑን እናዛውራለን እንጂ። ስለዚህ ከኅዳር 6 እስከ 14 ያሉት ቀኖች ቀሩ። 12 ሚካኤል ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ይወጣሉ። ከቀሩት ውስጥ ጤፍ አጨዳው ሳይጠነክር ማክሰኞን ወይም ሐሙስን እንይዛለን። ከዚያ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው አስተዳደርና ከአገር ሽማግሌዎች ጠይቀን እናረጋግጣለን። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቀራል፤ ተራራው የትም አይሄድም።

በኅዳር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ብርዱም ያኔ ነው። በ1,000 ሜትር ወደ ስድስት ተኩል ዲግሪ ሙቀት ይቀንሳል። ለ1,600 ሜትር ሲባዛ ከአሥር ዲግሪ ይበልጣል። እዚህ ንጋት ላይ 8 ዲግሪ ሲሆን እዚያ ውኃ ይረጋል ማለት ነው፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ፀሐይዋም አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚህ ይልቅ ታቃጥላለች፤ ፊታችሁን የሚሸፍን ባርኔጣ ወይም ነጠላ አይቅር። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ያሞቃል፤ ከረጠበ ግን ከባድና ቀዝቃዛ ነው፣ ጥጥ ሁሉ እንዲሁ ነው። የበግ ጠጉር ቢረጥብም ያሞቃል፤ ባናን ያልናቃችሁ እናቶች በዚህ ከእኛ ከሹራብ ገዢዎቹ ትሻላላችሁ። አንድ ወፍራም ልብስ ከምንለብስ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደርበን ስንሞቅ እያወለቅን፣ ስንቆም እየለበስን እንሂድ። ላብ ያረጠበውን ልብስ ለብሶ ነፋስ ላይ መቀመጥ ብርዱን መጥራት ነው። ዝናብ ባይጠበቅም እያንዳንዳችን ሰፊ ላስቲክ እንይዛለን፤ ዋጋው ጥቂት፣ ክብደቱም ቀላል ነው።

ጫማን በተመለከተ ልመናችን አንድ ነው፤ ለጉዞው ብላችሁ አዲስ ጫማ ገዝታችሁ በዚያው ቀን እንዳታደርጉት። የለመደ ሸራ ጫማ ካልለመደ ውድ ቦት ይሻላል። ሶሉ ያለቀ ግን አይሆንም፤ የሚብሰው ቁልቁለቱ ነው። ሁለት ካልሲ፣ አንድ ዱላ። እግር ላይ የመፋቅ ስሜት ሲጀምር ቆም ብሎ ፕላስተር መለጠፍ ነው፣ ውኃ እስኪቋጥር አይጠበቅም።

ስንቁ ላይ እናንተ አስተምሩን እንጂ እኛ የምንነግራችሁ የለም። በሶ በማር ወይም በስኳር፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች። ከፍታ ሲጨምር ምግብ ያስጠላል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ እንብላ። ላይ ወጥተን ድንች እንቀቅል ያላችሁ ነበራችሁ። ውኃ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል፤ ጮቄ ላይ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይንተከተካል፣ ድንቹ ግን ቶሎ አይበስልም፤ ብዙ እንጨት ይፈጃል፣ እንጨቱም ያው የሳሳው አስታ ነው። አብስለን እንሂድ።

ውኃ ለእያንዳንዷ ሦስት ሊትር። የምንጭ ውኃው ጥርት ያለ ቢመስልም ከላዩ ከብት አለ፤ ሳይፈላ ወይም ውኃ አጋር ሳይጨመርበት አይጠጣ። አሁን በስብሰባ ላይ የማይነሣ ነገር እናነሣለን፤ ወንዶች ደጋፊዎቻችን ይቅር ትሉናላችሁ። ብዙ ሴቶች ጉዞ ላይ ውኃ የማይጠጡት ሽንት ፍራቻ ነው። ሜዳው ገላጣ ነው፣ ጅብራ ደግሞ ሰው አይሸሽግም። ውኃ ያልጠጣች ሴት ራሷን ያማታል፤ ሕመሙም ከከፍታ ሕመም ጋር ተደባልቆ መለየት ያስቸግረናል። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ነጠላ ለመጋረጃ እንዲያዝ በዕቃው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ በየዕረፍቱ ሁለት ሰው ይዞ ይቆማል። የወር አበባ ያላት ከጉዞው አትቀርም፤ ሞዴስና መጣያ ከረጢት በጋራው ሻንጣ ውስጥ ይኖራል።

አካሄዳችን እንደ ጎጃም ሰላምታ ረጋ ያለ ይሁን። እየሄዱ ማውራት እስከ ተቻለ ድረስ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተን ፈጥነናል። ከፊት የምትሄደው ከሁሉ ዝግተኛዋ ናት፣ ብርቱዎቹ ከኋላ ይሆናሉ። ሁለት ሁለት ሆነን እንጣመራለን፤ አንዷ የአንዷን ፊት እንድታይ። ስንነሣ እንቆጠራለን፣ በየዕረፍቱ እንቆጠራለን፣ ስንመለስ እንቆጠራለን። 24 ካልሞላ አንድ እርምጃ አንሄድም። የተመለሰችም ብቻዋን አትመለስም፤ ጥንዷ አብራት ትወርዳለች፣ ስማቸውም ከሰዓቱ ጋር ይጻፋል። በሳጥን ቆጠራ አንድ ብር ሲጎድል የምናመሽ ሰዎች በሰው ቆጠራ አናሾፍም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እንነሣለን። ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት እንመለሳለን። ጫፉ በዓይን እየታየ፣ መቶ ሜትር ቀርቶ ቢሆንም እንመለሳለን። ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ከ6 ሰዓት በኋላ የሚቀረን ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሦስት አራቱ ለመውረድ፣ የቀረው ተጠባባቂ ነው። ተጠባባቂውን ለመውጣት ያዋለ ማኅበር ቁርጭምጭሚቷ የዞረባትን ሴት በጨለማ ይሸከማል። ሰዓቱን የምትይዘው ጸሐፊያችን ናት። ሊቀመንበሯም ብትሆን ልትሽረው አትችልም፤ ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን። ጭጋግ ከወረደ ሳንበታተን ባለንበት እንሰበሰባለን። ነጎድጓድ ከተሰማ ከሸንተረሩ ወርደን፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ርቀን፣ ተራርቀን እንቁም።

ለአደጋ ጊዜ የአካባቢውን መሪ ከነፈረሱ እንከራያለን፤ ቃሬዛም ይዘን እንሄዳለን። በበጀቱ ላይ «ፈረሱ ባይጋለብስ?» የሚል አስተያየት ተሰጥቶ ነበር። ባይጋለብ ደስ ይለናል። እድር የምንከፍለው ሰው እንዲሞትብን አይደለምና። መኪናው ከነሹፌሩ እግር ሥር ይጠብቃል፤ ስልክ የሚያዝበትን ቦታ መሪው አስቀድሞ ያሳየናል፤ የቅርቡ ጤና ጣቢያም ቀኑን እንዲያውቀው ይደረጋል።

ልምምዱ ስምንት ሳምንት ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን እንውጣ ያላችሁት ለጉልበት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቆላ ነውና ሙቀቱና ወባው አለ፣ ለከፍታም አያስለምድም። የቅርባችንን ዳገት በሳምንት ሦስት ቀን፣ መጀመሪያ ባዶ እጅ፣ በኋላ ውኃና ስንቅ አዝለን እንወጣለን። ቁልቁለቱን አትናቁት፣ ጉልበት የሚያምመው ሲወርዱ ነው። በየቀኑ ውኃ የምትቀዱ እናቶች ልምምዱ ምን ያደርግልናል ብትሉም ኑ፤ የምትፈልጉት ብርታት ሳይሆን ከእኛ ከዝግተኞቹ ጋር መሄድን መልመድ ነው።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከማኅበሩ ቢሮ በር ላይ እንገናኝ። ያላችሁን ጫማ አድርጋችሁ፣ ውኃ ይዛችሁ ኑ። የጤና ጣቢያ ወረቀታችሁን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ለሒሳብ ክፍል አስረክቡ፤ ወረቀት ያላመጣች ስሟ በመኪናው ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ አናታለል፣ አንለመንም። ደጋፊዎቻችን፣ የተስተካከለው የቃል መግቢያ ቅጽ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። «ጫፍ ለደረሰች» የሚለው ተሠርዞ «ተዘጋጅታ ለተነሣች» ተብሏል። ሳትፈርሙ እንዳትወጡ።